ሌላ ስርዓተ ክወና በርካሽ ዕቃ ላይ ለመሞከር የትኛው መንገድ ይሻላል? የንጽጽር መመሪያ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካቆመ ወዲህ፣ ምንም ጉድለት የሌለባቸው በርካታ ኮምፒውተሮች ቀጣይ ዕጣቸው አጠያያቂ ሆኗል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዊንዶውስ 11 ከ4 ጊጋባይት ራምና ከ64 ጊጋባይት ማከማቻ በተጨማሪ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ቺፕ እና ማይክሮሶፍት በዝርዝሩ ያሰፈረውን ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ከኢንቴል 8ኛው ትውልድ በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ላፕቶፖች ከደጅ ቀርተዋል። እነዚህ ላፕቶፖች ግን ለጽሑፍ ሥራ፣ ለኢንተርኔት፣ ለቪዲዮና ፕሮግራም መጻፍ ለመማር የሚበቃ አቅም አላቸው። ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ስርዓተ ክወና (ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ዋና ፕሮግራም)፣ ወይም ከሊኑክስም ራቅ ያለ ሌላ ስርዓት፣ ለመሞከር ለሚፈልግ ሰው ይህ መልካም አጋጣሚ ነው።

ብዙ ሰው ሙከራውን የሚጀምረው «ከሁሉ የሚሻለው ስርዓት የትኛው ነው?» በሚል ጥያቄ ነው። በእኔ አመለካከት ግን ቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፦ የምሞክረው ነገር ባይስማማኝ ወይም ቢበላሽብኝ ወደ ዕለት ሥራዬ ለመመለስ ስንት ሰዓትና ስንት ፋይል ያስከፍለኛል? መመለሻው ቀላል የሆነለት ሰው ሳይፈራ ይነካካል፣ ያበላሻል፣ እንደገና ይጭናል፤ በዚያው ይማራል። የዲግሪ ጽሑፉ ወይም የልጆቹ ፎቶ ያለበትን ብቸኛ ኮምፒውተር ለሙከራ ያቀረበ ሰው ግን የመጀመሪያው እንቅፋት ሲገጥመው ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም። ስለዚህ ከታች ያሉትን አማራጮች ያነጻጸርኩት በዋጋና በፍጥነት ብቻ ሳይሆን በመመለሻቸው ቅለት ጭምር ነው።

መንገዶቹ በጥቅሉ አራት ናቸው፦ ከፍላሽ ማስነሳት፣ ባለው ስርዓት ውስጥ በቨርቹዋል ማሽን (በፕሮግራም በተፈጠረ ምናባዊ ኮምፒውተር) ማሄድ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ መመደብ፣ እና እንደ ራስበሪ ፓይ ያለ ባለ አንድ ሰሌዳ ትንሽ ኮምፒውተር መግዛት። በዋናው ኮምፒውተር ላይ ሁለት ስርዓቶችን ጎን ለጎን መጫንም አምስተኛ መንገድ ተብሎ ይመከራል፤ እኔ ለጀማሪ አልመክረውም። የዲስኩን ክፍፍል መቀየር ስለሚጠይቅ በአንድ የተሳሳተ ምርጫ ሁለቱም ስርዓቶች አልነሳም ሊሉ ይችላሉ፣ የዊንዶውስ ትልልቅ ዝማኔዎችም አንዳንድ ጊዜ የማስነሻውን ቅደም ተከተል ይለውጣሉ።

ከፍላሽ ማስነሳት

በጣም ርካሹ መንገድ በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ያለውን ሳይነኩ አዲሱን ስርዓት ከፍላሽ ማስነሳት ነው። የሚያስፈልገው 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሚይዝ ፍላሽ፣ ከስርዓቱ አዘጋጆች ድረ ገጽ የወረደ የአይኤስኦ ፋይል (የስርዓቱ ሙሉ ቅጂ)፣ እና ፋይሉን በፍላሹ ላይ የሚጽፍ እንደ ሩፈስ ወይም ባሌና ኤቸር ያለ ፕሮግራም ነው። ፋይሉን እንደ ማንኛውም ሰነድ ኮፒ ማድረግ ብቻውን ኮምፒውተሩን አያስነሳም፤ በፕሮግራሙ ሲጻፍ ደግሞ በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ብዙ ስርዓቶችን እያፈራረቀ ማየት ለሚፈልግ ሰው ቬንቶይ የተባለው መሣሪያ ይበልጥ ይመቻል፤ አንዴ በፍላሹ ላይ ከተጫነ በኋላ የአይኤስኦ ፋይሎቹን እንዲሁ ኮፒ ማድረግ ይበቃል፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳም የትኛው እንዲከፈት በዝርዝር ይጠይቃል።

ፋይሉ ከወረደ በኋላ በአዘጋጆቹ ገጽ ላይ ከተሰጠው የማረጋገጫ ቁጥር ጋር ማመሳከር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል፤ ኔትወርክ እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል መጫኑ መሃል ላይ ሲደርስ የሚያሳየው ስህተት ምክንያቱን ስለማይናገር፣ ይህን ያልፈተሸ ሰው ኮምፒውተሩን ሲወቅስ ሊውል ይችላል።

ከፍላሽ ለማስነሳት ኮምፒውተሩ ገና ሲበራ የማስነሻ ዝርዝሩን የሚከፍተውን ቁልፍ ደጋግሞ መጫን ያስፈልጋል። በዴልና በሌኖቮ ብዙውን ጊዜ ኤፍ 12፣ በኤችፒ ደግሞ ኤፍ 9 ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፣ በጥብቅም አሳስባለሁ። በርካታ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ዲስካቸው ባለቤቱ ሳያስተውል በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተመሰጠረ ነው። በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ በሚከፈተው የቅንብር ገጽ) ውስጥ ገብተው ሴኪዩር ቡት የሚባለውን ጥበቃ ካጠፉ፣ ዊንዶውስ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳ ባለ 48 አኃዝ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁልፉ ካልተገኘ በዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ሁሉ ተቆልፎ ይቀራል። ስለዚህ አስቀድመው ቁልፉን ከማይክሮሶፍት አካውንትዎ ላይ ያውጡና በወረቀት ይጻፉት። የሊኑክስ ዓይነቶች የሆኑት ኡቡንቱ፣ ሊኑክስ ሚንትና ዴቢያን ሴኪዩር ቡት እንደበራ ስለሚነሱ ይህን ቅንብር መንካት አያስፈልጋቸውም፤ ከሊኑክስ ውጭ የሆኑትን፣ ከታች የምመለስባቸውን ሃይኩንና ፍሪ ቢኤስዲን ለማስነሳት ግን ማጥፋት ግድ ነው።

ይህ መንገድ በትክክል የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ ስርዓቱ ይህን ዕቃ ያውቀዋል ወይስ አያውቀውም? ዋይፋዩ ኔትወርኮችን ያያል? ድምፅ ከስፒከሩም ከጆሮ ማዳመጫውም ይወጣል? ካሜራው ይሠራል? የስክሪን ብርሃን መቀነሻ ቁልፎች ይታዘዛሉ? ከሁሉ በላይ ክዳኑን ዘግተው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁና መልሰው ይክፈቱት። ስክሪኑ ወዲያው ከበራና ዋይፋዩ በራሱ ተመልሶ ከተያያዘ፣ ያ ላፕቶፕ ከስርዓቱ ጋር ተስማምቷል ለማለት ይቻላል፤ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ግን ይህ ችግር ከተጫነ በኋላም በየቀኑ የሚከተል ነው። በላፕቶፕ ላይ የሚሞከር ስርዓት ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በዚህች ፈተና ነው።

ፍላሽ የማይመልሰው ጥያቄ ደግሞ የፍጥነት ነው። የዩኤስቢ 2.0 ገደብ በሴኮንድ 480 ሜጋቢት ሲሆን የ3.0 ደግሞ 5 ጊጋቢት ነው፤ ርካሽ ፍላሾች ግን ትናንሽ ፋይሎችን ሲያነቡና ሲጽፉ ከሁለቱም ገደብ እጅግ ያነሱ ናቸው። ስለዚህ ብራውዘር ለመክፈት ሩብ ደቂቃ ቢፈጅ ጥፋቱ የፍላሹ እንጂ የስርዓቱ አይደለም። በተጨማሪም በተለመደው አሠራር ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የጻፉትም የጫኑትም ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ለውጦችን የሚያስቀምጥ ክፍል በፍላሹ ላይ መፍጠር ይቻላል፤ ነገር ግን ፍላሽ ለዕለታዊ መጻፍ የተሠራ ስላልሆነ ለረጅም ጊዜ አልተማመንበትም።

በቨርቹዋል ማሽን ማሄድ

8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ራም ያለው ኮምፒውተር ካለዎት ቨርቹዋል ቦክስን በነፃ ጭነው አዲሱን ስርዓት በአንድ መስኮት ውስጥ ማሄድ ይችላሉ። መመለሻው ከሁሉም ይቀላል፤ መስኮቱን መዝጋት ብቻ ነው። ሙከራው ሳይበላሽ ያለበትን ሁኔታ መዝግቦ፣ ሲበላሽ ወደዚያ የመመለስ አገልግሎትም አለው። የመጫኑን ሂደት ለመለማመድና ትዕዛዝ መጻፍ ለመማር ከዚህ የሚሻል የለም። ይሁን እንጂ እንግዳው ስርዓት የሚያየው እውነተኛውን ዋይፋይ ካርድና ግራፊክስ ሳይሆን ፕሮግራሙ የፈጠረለትን ዕቃ ስለሆነ፣ በዚያ ያማረው ነገር በላፕቶፕዎ ላይም ያምራል ማለት አይቻልም። 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ባለው ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ሁለቱ ስርዓቶች እየተሻሙ ሁለቱም ስለሚንቀራፈፉ አለመሞከሩ ይሻላል።

ያገለገለ ላፕቶፕ ወይም ትንሽ ዴስክቶፕ

ስርዓቱን በቁም ነገር ለመገምገም፣ ማለትም ለሳምንታት ሥራ እየሠሩበት ለማየት፣ የምመክረው ይህን መንገድ ነው። ለድርጅት ሠራተኞች ተብለው የተሠሩት መስመሮች፣ እንደ ሌኖቮ ቲንክፓድ፣ ዴል ላቲቱድና ኤችፒ ኤሊትቡክ ያሉት፣ በብዛት ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ይገባሉ፤ ለመክፈት ያመቻሉ፣ የጥገና መመሪያቸው በነፃ ይገኛል፣ የሊኑክስ ተጠቃሚዎችም ለረጅም ጊዜ ስለሠሩባቸው ችግር ሲገጥም መልስ አይጠፋም። በአንጻሩ እጅግ ርካሽ ሆነው አዲስ የሚሸጡ አንዳንድ ላፕቶፖች 32 ጊጋባይት ብቻ የሚይዝ ኢኤምኤምሲ ማከማቻ ከሰሌዳው ጋር ተበይዶ ይመጣባቸዋል፤ ራማቸውም እንዲሁ የተበየደ ነው። አዲስ በመሆናቸው ብቻ ከእነዚህ አንዱን ከመውሰድ፣ ጥቂት ዓመት ያገለገለ ግን የሚከፈት ላፕቶፕ መያዝ በብዙ እጥፍ ይሻላል።

ከመግዛት በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት መሆን አለበት። ዴቢያን እንኳ በ2025 ባወጣው 13ኛ ዕትሙ ለ32 ቢት ኮምፒውተሮች የሚሆን መጫኛ ማዘጋጀቱን አቁሟል፣ ኡቡንቱም ከብዙ ዓመታት በፊት አቁሟል። ከ2013 እስከ 2015 አካባቢ የወጡ አንዳንድ የኢንቴል አተም ታብሌቶችና ትናንሽ ላፕቶፖች ፕሮሰሰራቸው 64 ቢት ሆኖ የማስነሻ ፕሮግራማቸው 32 ቢት ስለሆነ፣ ፍላሹ ምንም ያህል በትክክል ቢዘጋጅ ላይነሱ ይችላሉ፤ እነዚህን መተው ነው። ባዮሱ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ከሆነ ሻጩ ፊትዎ ላይ እስኪከፍተው ድረስ ገንዘብ አይስጡ፤ በአንዳንድ ዘመናዊ ላፕቶፖች ይህን ቁልፍ ለመስበር ሰሌዳውን መቀየር ይጠይቃል። የአፕል ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ከ2018 እስከ 2020 የተሠሩት ቲ2 የተባለ ቺፕ ስላላቸው ኪቦርዳቸውና ድምፃቸው ጭምር ልዩ ዝግጅት ይፈልጋል፤ ለመጀመሪያ ሙከራ አይሆኑም።

የዋይፋይ ካርዱን ዓይነት መጠየቅም ይጠቅማል። የኢንቴል ካርዶች በሊኑክስ ላይ ያለ ችግር ይሠራሉ ማለት ይቻላል፤ አንዳንድ የብሮድኮም ካርዶች ግን ከተጫነ በኋላ ለብቻው የሚወርድ ድራይቨር (ዕቃውን ከስርዓቱ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ይሻሉ፣ ድራይቨሩን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው የኔትወርክ ገመድ ወይም ስልክን በዩኤስቢ አያይዞ ኢንተርኔቱን ማጋራት ነው፤ አንድሮይድ ስልክ በዚህ መንገድ ሲያያዝ ሊኑክስ እንደ ገመድ ኔትወርክ ወዲያው ይቀበለዋል።

ዕቃው ላይ ትንሽ ገንዘብ ማውጣት ከተቻለ ቅድሚያ የሚሰጠው ለኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል ለሌለው ፈጣን ዲስክ) ነው፣ ራም ከዚያ ይከተላል። የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መተካት የአሮጌ ላፕቶፕን ጠባይ ፈጽሞ ይለውጠዋል፤ ከፕሮሰሰሩ ዕድሜ ይልቅ ሰውን የሚያሰለቸው የዲስኩ መንፏቀቅ ነበርና። 4 ጊጋባይት ራም ቀለል ላለ ስርዓት ይበቃል፣ ነገር ግን ዛሬ ራምን የሚበላው ስርዓተ ክወናው ሳይሆን ብራውዘሩ ስለሆነ፣ ብዙ ገጾችን በአንድ ጊዜ የመክፈት ልማድ ያለው ሰው 8 ጊጋባይት ቢያደርገው ይገላገላል።

የዲስክ ቅያሬው ከመመለሻ አንጻር ሌላ ትልቅ ጥቅም አለው። አሮጌውን ዲስክ ከነዊንዶውሱ ነቅለው በፖስታ ውስጥ ያስቀምጡትና አዲሱን ስርዓት በአዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ይጫኑ። ሙከራው ካልሠመረ የሚጠበቅብዎ ጥቂት ብሎን ፈትተው አሮጌውን መመለስ ብቻ ነው፤ ፋይሎቹም ፕሮግራሞቹም እንደነበሩ ይጠብቁዎታል። ዲስኩ በሚነቀልበት ላፕቶፕ ላይ ሙከራን በድፍረት ለማድረግ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

ስክሪንና ኪቦርድ ቀድሞ ያለው ሰው ከላፕቶፕ ይልቅ ከድርጅቶች የሚወጡትን ትናንሽ ዴስክቶፖች ቢያይ ጥሩ ነው። ኢንቴል በ2023 መጀመሪያ ያወጣው ኤን100 ፕሮሰሰር የተገጠመላቸው አዳዲስ ሚኒ ኮምፒውተሮችም አሉ፤ ፕሮሰሰሩ 4 ኮርና የ6 ዋት ደረጃ ያለው ነው፣ ለቢሮ ሥራ ይበቃል፣ ኤሌክትሪክም አይበላም።

ራስበሪ ፓይ

ራስበሪ ፓይ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በፌብሩዋሪ 2012 ሲሆን፣ ዓላማውም ወጣቶች ሳይፈሩ የሚነካኩትን ርካሽ ኮምፒውተር ማቅረብ ነበር። ለሙከራ ያለው ትልቁ ውበት ስርዓተ ክወናው ያለው በማይክሮ ኤስዲ ካርድ ላይ መሆኑ ነው። አንድ ካርድ ላይ ራስበሪ ፓይ ኦኤስ፣ ሁለተኛው ላይ ኡቡንቱ፣ ሦስተኛው ላይ ሪስክ ኦኤስ ጽፎ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ካርዱን በመቀየር ብቻ ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል። አንዱ ቢበላሽ ራስበሪ ፓይ ኢሜጀር በተባለው ፕሮግራም ካርዱ እንደገና ይጻፋል፤ በሌሎቹ ላይ የደረሰ ነገር የለም። በመመለሻ ቅለት ረገድ ከቨርቹዋል ማሽን ቀጥሎ የሚመጣው እርሱ ነው፣ ያውም በእውነተኛ ዕቃ ላይ።

ሆኖም የሰሌዳው ዋጋ ብቻውን እንዳያታልል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቻርጀር፣ ካርድ፣ መያዣ፣ ማቀዝቀዣ፣ ኪቦርድ፣ ማውስና ስክሪን ሲደመሩ ወጪው ወደ ያገለገለ ላፕቶፕ ይጠጋል፣ አንዳንዴም ይበልጣል፤ ላፕቶፑ ግን እነዚህን ሁሉ ከነባትሪው ይዞ ይመጣል። ፓይ 4 እና ፓይ 5 ለስክሪን የሚጠቀሙት ማይክሮ ኤችዲኤምአይ ነው፤ ቤት ያለው የተለመደ ገመድ አይገባም። ፓይ 5 ሙሉ አቅሙን እንዲሰጥ 5 ቮልት በ5 አምፔር የሚያቀርብ ቻርጀር ይፈልጋል፣ ተራ የስልክ ቻርጀር ይህን አይሰጥም። ደካማ ቻርጀር የሚያመጣው መዘዝ ደግሞ ሰውን ያደናግራል፦ ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ይሠራል፣ ከዚያ ብዙ ሥራ ሲሰጠው በድንገት ይንቀራፈፋል ወይም ተነስቶ ይጠፋል፤ በስክሪኑ ጥግ የመብረቅ ምልክት ካዩ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሌላው ልዩነት የፕሮሰሰሩ ዓይነት ነው። ፓይ በስልኮች ውስጥ እንዳለው ያለ የአርም ፕሮሰሰር ስላለው፣ ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ብቻ የተዘጋጀ ፕሮግራም አይሠራበትም። በስርዓቱ የፕሮግራም መደብር ውስጥ ያሉት ነፃ ፕሮግራሞች በአብዛኛው ለአርም ተዘጋጅተዋል፤ ከኩባንያ ድረ ገጽ በቀጥታ የሚወርዱት ግን ብዙ ጊዜ አልተዘጋጁም። በዴስክቶፕነት ለመጠቀም ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ፓይ 4 ወይም ፓይ 5 ይምረጡ። ፓይ ዜሮ 2 ደብልዩ 512 ሜጋባይት ራም ብቻ ስላለው ለትንንሽ ፕሮጀክቶች እንጂ ለብራውዘር አይሆንም። በኪቦርድ ውስጥ የተሠሩት ፓይ 400 እና ፓይ 500 መያዣና ኪቦርድ ለየብቻ ከመግዛት ስለሚያድኑ ለዚህ ዓላማ ይመቻሉ።

የትኛውን ስርዓት?

ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው፣ 4 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ፣ የመጀመሪያ ምርጫዬ ሊኑክስ ሚንት ነው። ዝርዝር ማውጫው ከታች በግራ በኩል ነው፣ መስኮቶቹ እንደለመዱት ይዘጋሉ፣ 22ኛው ዕትም እስከ 2029 የደህንነት ዝማኔ ያገኛል። አዘጋጆቹ ዝቅተኛ መስፈርት ብለው ያስቀመጡት 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት ማከማቻ ነው፤ ለምቾት 4 ጊጋባይት ይመክራሉ። ኮምፒውተሩ ደከም ያለ ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ገጽታ የያዘውን ዕትም ይውሰዱ። ከዚያም የሚያንስ ከሆነ ሉቡንቱ አለ፤ 2 ጊጋባይትና ከዚያ በታች ለቀራቸው ደግሞ አንቲኤክስ ይሻላል፣ ምንም እንኳ መልኩ ለጀማሪ የሚጋብዝ ባይሆን።

ዴቢያን በ1993 የተጀመረና ኡቡንቱ ራሱ የቆመበት መሠረት ነው። ከ2023ቱ 12ኛ ዕትም ጀምሮ ለዋይፋይ ካርዶች የሚያስፈልጉትን ዝግ ፈርምዌሮች (ካርዱን የሚያንቀሳቅሱ፣ ኮዳቸው ያልተገለጠ ፕሮግራሞች) በመጫኛው ውስጥ ስላካተተ፣ ቀድሞ ጀማሪን የሚያባርረው ትልቁ ምክንያት ተወግዷል። አንዴ አስተካክሎ ለዓመታት ሳይነካው መኖር ለሚፈልግ ሰው እመክረዋለሁ።

ክሮም ኦኤስ ፍሌክስ ከእነዚህ የተለየ ነው። ጎግል በ2022 ያቀረበው ሲሆን 4 ጊጋባይት ራምና 16 ጊጋባይት ማከማቻ ያለውን የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ኮምፒውተር ወደ ብራውዘር ማሽን ይለውጠዋል። ኢሜይል፣ ቪዲዮና የኢንተርኔት ሰነድ ብቻ ለሚበቃው ሰው እንክብካቤ የማይፈልግ ጥሩ ምርጫ ነው። ሆኖም የአንድሮይድ አፕሊኬሽኖችን አይቀበልም፣ ያለ ጎግል አካውንትም ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ሁኔታ ለሚኖር ሰው አልመክረውም።

ፍሪ ቢኤስዲ የስርዓተ ክወናን አሠራር ከሥሩ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ነው። የመመሪያ መጽሐፉ እጅግ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ዴስክቶፑን ራስዎ ደረጃ በደረጃ መገንባት ይኖርብዎታል፣ ገመድ አልባ ካርዶችን በመደገፍም ከሊኑክስ ወደኋላ የቀረ ነው። የኔትወርክ ገመድ በሚገባበት ዴስክቶፕ ላይ ይሞከር።

ሃይኩና ሪስክ ኦኤስ ግን ልቤን የሚስቡኝ ናቸው፤ ኮምፒውተር ከለመድነው ውጭ በሌላ መንገድ ሊታሰብ እንደሚችል በተግባር ያሳያሉ። ሃይኩ በ2001 የተጀመረ፣ ቢኦኤስ የተባለውን የቀድሞ ስርዓተ ክወና ሐሳብ የወረሰ ስርዓት ነው፤ አምስተኛው የሙከራ ዕትሙ በሴፕቴምበር 2024 ወጥቷል። ኤስኤስዲ ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እንኳ በሴኮንዶች ይነሳል። መስኮቶቹ ርዕሳቸውን የሚይዙት በአጭር ቢጫ ትር ላይ ስለሆነ፣ የተለያዩ ፕሮግራሞችን መስኮቶች እንደ ብራውዘር ትሮች በአንድ ላይ መደርደር ይቻላል። የፋይል ስርዓቱ ደግሞ ስለ እያንዳንዱ ፋይል ያለውን መረጃ መዝግቦ ይፈልጋል፤ ኢሜይሎች ራሳቸው ተራ ፋይሎች ሆነው በላኪ ስም ወይም በርዕስ ይጣራሉ። የሙከራ ዕትም በመሆኑ ብቸኛ የሥራ ኮምፒውተር ሊሆን አይገባም፤ ሁለተኛ ላፕቶፕ ላይ ግን ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ነው።

ሪስክ ኦኤስ በእንግሊዝ ካምብሪጅ የነበረው የኤኮርን ኩባንያ በ1987 ለአርኪሜዲስ ኮምፒውተሩ የሠራው ነው። ዛሬ በየስልኩ ያለው የአርም ፕሮሰሰር የተወለደው በዚያው ኩባንያ ስለሆነ፣ ይህን ስርዓት በፓይ ላይ ማስነሳት ፕሮሰሰሩን ከመጀመሪያ ቤቱ ጋር እንደማገናኘት ነው። በ2018 በነፃ ፈቃድ ተለቋል። የሚያስፈልገው ባለ ሦስት ቁልፍ ማውስ ነው፤ የመሃሉን ቁልፍ ሲጫኑ የትዕዛዝ ዝርዝሩ በጠቋሚው ቦታ ይከፈታል፣ ከመስኮቱ በላይ የተሰቀለ ዝርዝር የለም። አንድን ጽሑፍ ለማስቀመጥ ትንሽ ሳጥን ውስጥ የሚታየውን የፋይል ምልክት ይዘው ወደሚፈልጉት ፎልደር መስኮት ይጎትቱታል። ለመጀመሪያ ሰዓት እጅ ይደናገራል፤ ከዚያ በኋላ በሌሎቹ ስርዓቶች ፋይል የት እንደተቀመጠ የምንፈልግበት ጊዜ ለምን እንዳስፈለገ ማሰብ ይጀምራሉ። ጉድለቶቹም ግልጽ ናቸው፦ ከፕሮሰሰሩ ኮሮች አንዱን ብቻ ይጠቀማል፣ አንድ ፕሮግራም ተራውን ለሌሎች ካልለቀቀ ሁሉም ይቆማል፣ የዋይፋይ ድጋፍ የመጣው በ2024 በወጣው 5.30 ዕትም ነው፣ ብራውዘሮቹም ዛሬ ያሉትን ከባድ ድረ ገጾች አይችሉም። ፓይ 5 ላይ ደግሞ አይነሳም፤ ስርዓቱ የተጻፈው ለ32 ቢት አርም ሲሆን የፓይ 5 ፕሮሰሰር ስርዓተ ክወናን በዚያ አኳኋን አያሄድም። ለዚህ ሙከራ የሚገዛው ፓይ 3 ወይም ፓይ 4 ነው።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ስርዓቱን ከመምረጡ በፊት የሚታይ አንድ ጉዳይ ይቀራል። የግዕዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ በሊኑክስ ላይ ማንበብ ችግር የለበትም፤ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የተባለውን ፎንት መጫን ነው። ለመጻፍ አይባስ የተባለውን የግብዓት ፕሮግራም ኤም17ኤን ከሚባለው ጥቅል ጋር ይጫኑ፤ በውስጡ የአማርኛ አጻጻፍ ይገኛል፣ በላቲን ኪቦርድ ድምፁን በመጻፍ ፊደሉን ያወጣል። ይህን በፍላሽ ሙከራው ጊዜ ይፈትሹት፤ አንድ ሙሉ አንቀጽ በሊብሬኦፊስ (በነፃው የቢሮ ሰነዶች ፕሮግራም) ይጻፉ፣ አንድ መልእክት በብራውዘር ውስጥ ይጻፉ። በሃይኩና በሪስክ ኦኤስ ላይ ግን አማርኛ መጻፊያን እንደ ቀላል ነገር አይቁጠሩት፤ ዋና ሥራው የአማርኛ ጽሑፍ የሆነ ሰው በሊኑክስ ይቆይ።

እንግዲህ የትኛውን?

ገንዘብ ሳያወጣ ማወቅ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ፍላሽ ይበቃዋል፤ ሊኑክስ ሚንትን አስነስቶ ከላይ የዘረዘርኳቸውን ይፈትሽ። ዊንዶውስን ለመተው እያሰበ ያለ ሰው ያገለገለ የድርጅት ላፕቶፕ፣ ኤስኤስዲና ሊኑክስ ሚንት ይዞ የዕለት ሥራውን በዚያ ላይ ለጥቂት ሳምንታት ይሥራ፤ ሰነዶቹ በሊብሬኦፊስ ሲከፈቱ አሰላለፋቸው ይጠበቃል ወይ፣ ፕሪንተሩ ይታዘዛል ወይ፣ ሥራው የግድ የሚፈልገው የዊንዶውስ ፕሮግራም አለ ወይ የሚሉት የሚታወቁት በሥራ ላይ ነው። የአዶቤን ፕሮግራሞች ለሙያው የሚጠቀም ሰው ሊኑክስ ላይ እንደማያገኛቸው አስቀድሞ ይወቅ። ልጁን ወይም ራሱን ስለ ኮምፒውተር አሠራር ማስተማር የሚፈልግ፣ ስክሪንና ኪቦርድም ያለው ሰው ፓይ 4ን ከሁለት ሦስት ካርዶች ጋር ይግዛ፤ አንዱን ካርድ ለሪስክ ኦኤስ ይመድብ። ሃይኩን ወይም ፍሪ ቢኤስዲን የሚሻ ግን ፓይን ትቶ የኢንቴል ዕቃ ይያዝ።

ዲስኩ የማይነቀል ብቸኛ ላፕቶፕ ላለው ሰው የሚቀረው አማራጭ በዩኤስቢ 3.0 የሚያያዝ ውጫዊ ኤስኤስዲ ነው። በላዩ ላይ የሚጫነው ስርዓት ሙሉ ስለሆነ ለውጦቹ አይጠፉም፣ ፍጥነቱም ከፍላሽ እጅግ የተሻለ ነው። በዚህ ጊዜ መጫኛው የት ልጫን ብሎ ሲጠይቅ የዲስኩን መጠን አይቶ ውጫዊውን መምረጥ ያስፈልጋል። ውጫዊው ቢመረጥም አንዳንድ መጫኛዎች የማስነሻ ፋይላቸውን በውስጠኛው ዲስክ የማስነሻ ክፍል ላይ የመጻፍ ጠባይ አላቸው። ስለዚህ ባዮሱ የውስጡን ዲስክ ለጊዜው ማጥፋት የሚፈቅድ ከሆነ አጥፍተው ይጫኑ፤ የማይፈቅድ ከሆነ ደግሞ ውጫዊውን ኤስኤስዲ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ዲስኩ ተነቅሎ ያስጭኑና ይዘውት ይምጡ፤ ሊኑክስ አንድ ቦታ ተጭኖ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን በራሱ ለይቶ ይነሳል።